ጠያቂን የሚያሳፍር ዐዋቂ

በአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ውስጥ ሠላሳ ዓመት ያህል ያገለገሉ አንዲት እመቤት ነበሩ። ስማቸውንም የመሥሪያ ቤታቸውንም ስም አንጠራም። እኒህ እመቤት በጽሕፈት መኪና ዘመን ጣታቸው የማይሳሳት፥ የደብዳቤ ቍጥር ከራሳቸው የማይጠፋ ሠራተኛ እንደ ነበሩ የሚያውቋቸው ሁሉ ይመሰክራሉ። ኮምፒዩተር በመጣ ጊዜ ግን እንደ ማንኛውም ሰው ከሀ ጀመሩ። አንድ ቀን ጽፈው ያስቀመጡት ደብዳቤ የት እንደ ገባ ቢያጡት፥ ከኮምፒዩተር ክፍል የመጣውን ወጣት ባለሙያ «ልጄ፥ ይህ ደብዳቤ ሲቀመጥ ወዴት ነው የሚሄደው?» ብለው ጠየቁት። ወጣቱም ሳቀ። ነገሩ በሳቅ ብቻ አልቀረም፤ ጥያቄውን ወደ ክፍሉ ይዞት ሄዶ ለባልንጀሮቹ አወራላቸው፥ እነርሱም «ደብዳቤው ወዴት ሄደ?» የሚለውን ቃል መቀለጃ አደረጉት።

ከዚያ ቀን ጀምሮ እመቤቲቱ አልጠየቁም። ሁለት ዓመት ሙሉ፥ አንድ ደብዳቤ እንዲታረም ወደ እርሳቸው በተመለሰ ቍጥር፥ የታተመውን ቅጂ ከፊታቸው አድርገው ከመጀመሪያው ፊደል እስከ መጨረሻው እንደ ገና ይጽፉት ነበር። ዐሥር ገጽ ቢሆን ዐሥሩንም ገጽ። አለቆች ሥራቸው ዘገየ ብለው ወቀሷቸው፤ ባለጉዳይም «ነገ ተመለሱ» እየተባለ ተጕላላ። እኛ የነገሩን ምክንያት ያገኘነው በአጋጣሚ ነው፤ አንድ ምሽት ሰው ሁሉ ወደ ቤቱ ከሄደ በኋላ መብራት አይተን ብንገባ፥ መነጽራቸውን አድርገው ባለፈው ሳምንት የጻፉትን ደብዳቤ ሲገለብጡ አገኘናቸው። ፋይሉ የተቀመጠበትን ቦታ ለማሳየት የወሰደብን ጊዜ ከሦስት ደቂቃ አይበልጥም። እሳቸውም ማኅደሩ ተከፍቶ የሁለት ዓመት ሥራቸው በአንድ ረድፍ ተሰልፎ ባዩ ጊዜ አልተደሰቱም፤ ዝም ብለው አለቀሱ።

«ካለመናገር ደጃዝማችነት ይቀራል» የሚለውን ተረት ሁላችን እናውቀዋለን። ተረቱ ግን የሚናገረውን ሰው የሚሰማ ጆሮ መኖሩን አስቀድሞ ያምናል። ተናግሮ የተሣቀበት ሰው ምን እንደሚቀርበት አይነግረንም። እኛ ዛሬ ልንሟገተው የተነሣነው ይህንን ሳቅ ነው። የአንድ ወጣት ብልግና ብቻ ቢሆን ኖሮ አለቃው ይገሥጸው ብለን እናልፈው ነበር። ነገር ግን ሳቁ ከሩቅ አገር የመጣ፥ ደንብና ማዕርግ ያለው፥ የራሱን ቃላት ያወጣ ልማድ ነው፤ ወጣቶቻችንም ኮምፒዩተርን ሲማሩ ከዕውቀቱ ጋራ ይህንኑ ልማድ አብረው እንደ ተማሩት እናምናለን። ስለዚህ ከምንጩ እንነሣ። ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮጳ አቈጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይገንዘብልን።

ኮምፒዩተሮች በስልክ መሥመር መነጋገር ከጀመሩ በኋላ፥ በአሜሪካ አገር በሰሜን ካሮላይና ዩኒቨርሲቲዎች መካከል በ1980 ዩዝኔት የሚባል የመልእክት መለዋወጫ ተቋቋመ። በዚያ ላይ ያወቀው ላላወቀው ያለ ደመወዝ፥ ያለ ውል፥ ያለ ምስጋና ወረቀት ይመልስ ነበር። ይህ በእውነቱ የሚደነቅ ነገር ነው፤ በዓለም ታሪክ ውስጥ ይህን ያህል ሙያ ይህን ያህል በነጻ የተሰጠበት ጊዜ ስለ መኖሩ እንጠራጠራለን። ታዲያ በየዓመቱ በመስከረም ወር ዐዲስ ተማሪዎች ወደ ዩኒቨርሲቲ ሲገቡ የማኅበሩን ወግ ሳያውቁ ይመጡና የነባሮቹን ጆሮ በጥያቄ ያደነቍሩ ነበር፤ ጥቂት ሳምንት ካለፈ በኋላ ግን ወጉን ለምደው ረጋ ይላሉ። (መስከረም በእኛም አገር የዐዲስ ተማሪ ወር መሆኑ ደስ የሚል ግጥጥሞሽ ነው።) በ1990ዎቹ መጀመሪያ ዓመታት የንግድ ኩባንያዎች በሩን ለሕዝብ ሁሉ በከፈቱት ጊዜ የዐዲሶች ጎርፍ የማያቋርጥ ሆነ፤ ነባሮቹም ከ1993 ወዲህ ያለውን ዘመን «ማለቂያ የሌለው መስከረም» ብለው ሰየሙት።

ስያሜው ቀልድ ይመስላል፤ ውስጡ ግን ምሬት አለበት። እንግዳ ሲበዛበት የመረረው ባለቤት ሁለት መንገድ አለው። አንደኛው፥ ደጋግሞ የሚመጣውን ጥያቄ ከነመልሱ ጽፎ በደጃፍ ላይ መለጠፍ ነው፤ ይህንንም አድርገውት ነበር፤ ብዙ ጊዜ የሚጠየቁ ጥያቄዎች ዝርዝር የሚባለው ጥሩ ልማድ የተስፋፋው ከዚያው ከዩዝኔት ነው። ሁለተኛው መንገድ በደጃፍ ላይ ውሻ ማሰር ነው። ይህም ውሻ በእንግሊዝኛ አራት ፊደላት ያሉት «አር ቲ ኤፍ ኤም» የሚባል መልስ ሆነ። ትርጓሜው «መጽሐፉን አንብብ» ማለት ሲሆን፥ ሦስተኛው ፊደል በዚህ መጽሔት ላይ ሊጻፍ የማይገባ ስድብ ይዟል። ልብ በሉ፤ ስድቡ በመልሱ መካከል ለምን ገባ? መጽሐፉን ማንበብ የሚጠቅም ምክር ነው። ምክሩ ለጠያቂው ከሆነ «በእገሌ መጽሐፍ፥ በዚህ ምዕራፍ ታገኘዋለህ» ማለት ይበቃው ነበር። ስድቡ የገባው መልሱ ለጠያቂው ስላልተጻፈ ነው። መልሱ የተጻፈው ዙሪያውን ተቀምጠው ለሚያዩት ባልንጀሮች ነው፤ «እኔ ከእናንተ ወገን ነኝ፥ ከዚህ ሰው ወገን አይደለሁም» ለማለት።

ባላጋራዎቻችን የሚሉትን እናውቃለን። ጠያቂው ሰነፍ ነው ይላሉ፤ «አልሠራ አለ» ብሎ ብቻ ይጽፋል፤ ምን እንዳልሠራ፥ መኪናው ምን ብሎ እንደ መለሰለት፥ ምን ሞክሮ እንደ ነበር አይናገርም፤ ከዚያም መልስ ቢዘገይበት ይቈጣል። ይህ እውነት ነው፥ አንክደውም። ሐኪም ዘንድ ሄዶ «አሞኛል» ብሎ ዝም የሚል በሽተኛ ሐኪሙን ያደክማል። በ1991 ሳይሆን ከዚያ ዐሥር ዓመት በኋላ፥ በ2001፥ ኤሪክ ሬይመንድ የተባለ ስመ ጥር አሜሪካዊ ባለሙያ ከአንድ ባልንጀራው ጋራ ጥያቄን በብልሃት ስለ መጠየቅ ረዥም መመሪያ ጻፈ። መመሪያውን አንብበነዋል፤ አብዛኛው ምክር መልካም ነው። የታየህን ምልክት ተናገር እንጂ ግምትህን አትናገር ይላል፤ ነገሩን በተፈጸመበት ቅደም ተከተል ጻፍ ይላል፤ ልትደርስበት የፈለግኸውን ግብ ግለጽ ይላል። ይህን ለጸሐፊዎቻችንና ለተማሪዎቻችን ብናስተምር እንጠቀማለን።

ይሁን እንጂ የመጽሐፉ ዕድል እንደ ብዙ መልካም ሕጎች ዕድል ሆነ። ለመምራት የተጻፈው ለመምታት ዋለ። ጠያቂ በመጣ ቍጥር አንድ ቃል ሳይጨምሩ የመመሪያውን አድራሻ ወርውረውለት የሚሄዱ ሰዎች በዙ። ከዚህም የተነሣ የሚያስቅ ነገር መጣ፤ አድራሻው የተወረወረላቸው ጠያቂዎች መመሪያውን የጻፉት ሰዎች መልሱን ያውቁታል ብለው ስላሰቡ ጥያቄያቸውን ለጸሐፊዎቹ መላክ ጀመሩ፤ ጸሐፊዎቹም «እኛ የዚያ ሥራ የእርዳታ ክፍል አይደለንም» የሚል ማስጠንቀቂያ በመመሪያው ራስ ላይ ለመጻፍ ተገደዱ። ሰውን ወደ መጽሐፍ መምራትና በመጽሐፍ መፈንከት የተለያዩ መሆናቸውን ይህ ብቻ ያስረዳል።

በ2008 ጆኤል ስፖልስኪና ጄፍ አትውድ የተባሉ ሁለት ሰዎች ስታክ ኦቨርፍሎው የሚባለውን የጥያቄና መልስ ቦታ ከፈቱ፤ ለኮምፒዩተር ሠሪዎች ሁሉ የዓለም ቤተ መጻሕፍት ሆነ። ጥቅሙን የሚክድ ውለታ ቢስ ነው፤ በዚህ አገር የሚሠሩ ወጣት ባለሙያዎች ከየትኛውም መምህር ይልቅ ከዚያ እንደ ተማሩ ይነግሩናል። ግን ሥርዐቱን እንመልከት። ሰው ሁሉ በነጥብ ይመዘን ነበር። መልሱ የተወደደለት ዐሥር ነጥብ ያገኛል፤ የተጠላበት ሁለት ይቀነስበታል። ነጥቡ ሲጨምር ሥልጣን ይጨምራል፤ በሌላ ሰው ጽሑፍ ሥር አስተያየት ለመጻፍ 50፥ ዝቅ አድርጎ ለመፍረድ 125፥ ጥያቄን ለማዘጋት ድምፅ ለመስጠት 3,000። ጥያቄን ለመዝጋት አምስት ድምፅ ያስፈልግ ነበር፤ በ2019 ሦስት እንዲበቃ ተደረገ። እንግዲህ ዐዲሱ ሰው የሌላውን መልስ አንብቦ «ጌታዬ፥ ይህ ቃል አልገባኝም» ለማለት እንኳ አስቀድሞ 50 ነጥብ ማግኘት ነበረበት። እኛ የመንግሥት ሠራተኞች ስለ ደረጃና ስለ ዕርከን አንዳንድ ነገር እናውቃለንና፥ ማዕርግ በሚበዛበት ቦታ ሰው ሥራውን ትቶ ማዕርጉን መጠበቅ እንደሚጀምር ማንም ሊነግረን አያሻም።

አንድ ነገር ደግሞ በተለይ ለእኛ ባሕል የከበደ አለ። በዚያ ቦታ ሰላምታና ምስጋና እንደ ትርፍ ቃል ይቈጠራል፤ ጠያቂው «ጤና ይስጥልኝ» ብሎ ቢጀምር፥ «በቅድሚያ አመሰግናለሁ» ብሎ ቢጨርስ፥ አራሚ መጥቶ ይቈርጥበታል። ምክንያቱን ሲያስረዱ፥ ጽሑፉ ለአንድ ሰው ደብዳቤ ሳይሆን ኋላ ለሚመጡ ሺሕ አንባቢዎች መዝገብ ስለ ሆነ ነው ይላሉ። ምክንያቱ ማስተዋል የጐደለው አይደለም። ነገር ግን እኛ የሰውን በር ስናንኳኳ «እንደምን ዋላችሁ» ሳንል ጉዳያችንን የማንናገር ሰዎች ነን። የዚህ አገር ልጅ በሦስተኛ ቋንቋው ተጨንቆ የጻፈው ሰላምታ በማይታወቅ እጅ ተቈርጦ ሲያገኘው፥ የተቈረጠው ትርፍ ቃል መሆኑን አይረዳም፤ የተቈረጠው እርሱ ይመስለዋል። ባለቤቶቹ ራሳቸው በ2018 ቤታቸው ለእንግዳ የማይመች መሆኑን፥ ይልቁንም ለዐዲሶችና ለሴቶች የከበደ መሆኑን በይፋ አምነው ጻፉ። እኛ ከሩቅ ሆነን የፈጠርነው ክስ አለመሆኑን አንባቢ በዚህ ይረዳልናል።

አሁን ደግሞ በራሳችን የደረሰውን እንናገር፤ የሆነበትን ቦታ ግን አንገልጽም። በመሥሪያ ቤታችን የቈዩ ቃለ ጉባኤዎች ነበሩ። ሲከፈቱ አማርኛው ጠፍቶ የላቲን ፊደልና የጥያቄ ምልክት ተደበላልቆ ይታያል። ይህ ነገር በየቢሮው ያልገጠመው ሰው ያለ አይመስለንም። ምክንያቱም ይህ ነው፤ ፊደላችን ዩኒኮድ በሚባለው የዓለም የፊደል መዝገብ ውስጥ የገባው በ1999 በሦስተኛው እትም ነው። ከዚያ በፊት የአማርኛ መጻፊያ የሚሠሩ ሰዎች በኮምፒዩተሩ ውስጥ ለላቲን ፊደል የተዘጋጀውን 256 ቦታ እየወሰዱ፥ እያንዳንዱ በመሰለው ተራ የእኛን ፊደል ያስቀምጡበት ነበር። ሠላሳ ሦስቱ ፊደላት በሰባት ሲረቡ 231 ናቸው፤ እነ ቋና ኳ፥ ቍጥሮቹና ነጥቦቹ ሲጨመሩ ቦታው አይበቃም፤ ስለዚህም አንዱ በሁለት ከፍሎ፥ ሌላው ፊደሉን ቀጣጥሎ ችግሩን ተወጣው። እነዚያን ሰዎች አንወቅስም፤ እነርሱ ባይደክሙ አማርኛ በኮምፒዩተር ባልተጻፈ ነበር። ነገር ግን በአንዱ የተጻፈው በሌላው አይነበብም፤ ዩኒኮድ ከመጣም በኋላ የቀድሞው መጻፊያ በሌለበት ኮምፒዩተር ላይ የመሥሪያ ቤቱ ሰነድ ለባለቤቱ እንኳ ምሥጢር ሆኖ ይቀራል።

ጥያቄያችንን በምንችለው እንግሊዝኛ ጻፍን፤ የተበላሸውን ጽሑፍ ናሙና አያያዝን፤ የሞከርነውን ዘረዘርን። የመጀመሪያው መላሽ «ለምን ዩኒኮድ አትጠቀሙም?» አለን። ሰነዱ የተጻፈው ያ መዝገብ ለእኛ ሳይደርስ መሆኑን ብንነግረው ዝም አለ። ሁለተኛው፥ ጥያቄው ከዚህ በፊት ተጠይቋል ብሎ፥ በፈረንሳይኛ ፊደል ራስ ላይ የሚቀመጠው ምልክት ስለ ጠፋበት ሰው ወደ ተጻፈ ጥያቄ አመለከተን። ሦስተኛው እንግሊዝኛችሁ አይገባም አለ። ጥያቄው በዚያው ቀን ተዘጋ። ከሦስቱ ሰዎች አንዱም ግዕዝ የሚባል ፊደል መኖሩን የሚያውቅ አይመስለንም፤ አለማወቃቸውም ነውር አይደለም፤ ሁላችንም የማናውቀው ፊደል አለ። ነውሩ፥ አለማወቃቸውን የእኛ ጥፋት ማድረጋቸው ነው።

ከተዘጋ በኋላ ግን አንድ የማናውቀው ሰው በአስተያየት መጻፊያው ቦታ ሦስት መሥመር ጣል አድርጎልን አለፈ። መጀመሪያ ሰነዱ የተጻፈበትን የፊደል ቅርፅ ስም ከሰነዱ ውስጥ ፈልጉ፤ ቀጥሎ የእያንዳንዱን የላቲን ምልክትና በእርሱ ቦታ የተቀመጠውን የአማርኛ ፊደል ጐን ለጐን በሰንጠረዥ ጻፉ፤ ከዚያ በሰንጠረዡ መሠረት ኮምፒዩተሩ እንዲተካው እዘዙ፥ ሁለት ምልክት የተቀጣጠለበትን ፊደል አስቀድማችሁ፥ ነጠላውን አስከትላችሁ። እንዳለው አደረግን፤ ቃለ ጉባኤዎቹ ተነበቡ። ያ ሰው ከሦስቱ ይልቅ ጊዜ ተርፎት ነው ብለን አናምንም። እንዲያውም የጻፈው ከእነርሱ ያነሰ ነው።

እንግዲህ ወደ ትልቁ ክርክር እንምጣ። ብዙ ሰዎች፥ ከእነርሱም መካከል የምናከብራቸው አሉ፥ ጭካኔ ሙያን ያጠራል ይላሉ። ለማስረጃ የሚጠሩትም ሊኑክስ የተባለውን የኮምፒዩተር ሥርዐት የፈጠረውን ሊኑስ ቶርቫልድስን ነው፤ ይህ ሰው የማይረባ ሥራ ያቀረበለትን ባለሙያ በአደባባይ በመሳደብ የታወቀ ነበርና። «ይኸው፥ ተሳድቦ የዓለምን ትልቁን ሥራ ሠራ» ይሉናል። እኛ ግን የታሪኩን ሁለት ጫፍ እንዲያዩ እንጠይቃቸዋለን። በጁላይ 1991 ሊኑስ በሄልሲንኪ የሚማር የሃያ አንድ ዓመት ወጣት ነበር። በዩዝኔት ላይ ወጥቶ ፖዚክስ የሚባለውን ደንብ የቅርብ እትም ከየት እንደሚያገኝ ለምኖ ጠየቀ። እርዳታ ፈላጊ ተማሪ ነበር። አሪ ሌምከ የተባለ የአገሩ ሰው ጥያቄውን አይቶ ወዳጅ ሆነለት፤ ሥራው ሲደርስም በሚያስተዳድረው ኮምፒዩተር ላይ ማኖሪያ ቦታ ሰጠው፤ ሊኑክስ የሚለውንም ስም በዚያ ቦታ ላይ ያወጣው ይኸው ሌምከ ነው። ሥራው የተጀመረው በስድብ አይደለም፤ ጠያቂን በማስተናገድ ነው። ሁለተኛው ጫፍ ደግሞ በሴፕቴምበር 2018 ነው፤ ሊኑስ ራሱ የሰዎችን ስሜት ባለመረዳት እንደ በደለ በይፋ ጽፎ ይቅርታ ጠየቀ፤ ከሥራውም ለጥቂት ሳምንታት ገለል አለ፤ ማኅበሩም የሥነ ምግባር ደንብ ተቀበለ። ከዚያ ወዲህ ሊኑክስ አልፈረሰም። ከዚያም በፊት ቢሆን፥ በ2004 የወጣው ኡቡንቱ ስሙን ከደቡብ አፍሪካ ሕዝቦች ቋንቋ ወስዶ፥ ሰው ለሰው ስለሚገባው ርኅራኄ በሚናገረው ቃል ተጠርቶ፥ ገና ከመነሻው የመከባበርን ደንብ ጽፎ ነበር፤ ጨዋነቱም ሥራውን አላበላሸበትም።

ከእኛ ወገን የሚነሣው ክርክር ግን የበለጠ ያሳስበናል። «የአገራችን ሊቅ በአለንጋ ተምሮ ሊቅ ሆነ፤ የቆሎ ተማሪ ውሻ እያባረረው፥ ቍራሽ እየለመነ ተማረ፤ የዛሬው ልጅ አንድ ቃል ሲከፋው ያለቅሳል» ይሉናል። አለንጋው እንደ ነበረ አንክድም፤ ግን አለንጋውን ብቻ ያስታወሱ ሰዎች ጉባኤውን ረስተውታል። ፊደል የቈጠረው ታላቅ ተማሪ ታናሹን ያስቈጥራል እንጂ «እኔ የደረስኩበት ስትደርስ አነጋግረኝ» አይለውም። የቅኔ ተማሪ ሌሊት ቈጥሮ ያደረውን ቅኔ በመምህሩ ፊት ይነግራል፤ ቢሳሳት ይታረማል፥ ነገም ተመልሶ ይመጣል፤ መምህሩ «ይህ ቅኔ ከዚህ በፊት ተቈጥሯል» ብሎ ጉባኤውን አይዘጋበትም። ከሁሉ ይልቅ ግን የመጻሕፍትን ትርጓሜ አስቡ። አባቶቻችን የግዕዙን መጽሐፍ ለተማሪ አስጨብጠው «አንብብ» ብለው አልተዉትም። ንባቡን አስከትለው በአማርኛ «አንድም» እያሉ፥ አንዱን ቃል በብዙ ገጽ እየገለጡ በቃል አስተላለፉት። መጽሐፍ ለብቻው የማይበቃ መሆኑን፥ በመጽሐፍና በአንባቢ መካከል የሰው ድምፅ እንደሚያስፈልግ ከእነርሱ የተሻለ ያወቀ የለም። ስለዚህ «መጽሐፉን አንብብ» ብሎ መሳደብን ከአባቶቻችን ልማድ የሚያዛምድ ሰው አባቶቹን አላወቃቸውም።

ይህም ልማድ በአገራችን የራሱን መልክ ይዟል። በቴሌግራም ላይ ወጣቶቻችን በየሙያው ማኅበር መሥርተው ይረዳዳሉ፤ መልካም ነው። ዳሩ ግን በአማርኛ ለተጠየቀ ጥያቄ በእንግሊዝኛ መመለስ የዕውቀት ማስረጃ ሆኖ ይታያል። አንድ መምህር ከገጠር ሆኖ የትምህርት ቤቱን ማተሚያ አልታዘዝ ብሎት ቢጠይቅ፥ «ድራይቨሩን አፕዴት አድርግ» ይሉትና ያልፋሉ። በመዓዛ ሽቱ እንደ ተቀባ ሰው ቃሉን ተቀብተውት ይሄዳሉ። «ማተሚያውንና ኮምፒዩተሩን የሚያስማማው ትንሽ ፕሮግራም አርጅቷልና ዐዲሱን ከሠሪው አምጣ» ቢሉት በቂ ነበር። የቀድሞው ጠንቋይ መድኃኒቱን ከመግለጥ ስሙን ማወሳሰብ ይመርጥ ነበር፤ በእርሱ እየሣቅን እርሱን መሰልን።

እኛም ንጹሓን አይደለንም። ከጥቂት ዓመታት በፊት፥ የሠንጠረዥ አሠራር በተማርን በሦስተኛው ወር፥ አንድ የቈየ ጓደኛችን ድምሩን በእጁ በካልኩሌተር ደምሮ ወደ ኮምፒዩተሩ ሲያስገባ አይተን በሰው ፊት «ይህን የመሰለ መኪና ታቅፈህ!» ብለንበታል። መደመሪያውን ግን አላሳየነውም። ለምን እንዳላሳየነው ስናስበው፥ ገና ሦስት ወር የሆነው ዕውቀታችን ለሁለት ሲከፈል የሚያልቅ መስሎን ነበር። የናቂ ሰው ዕውቀት ብዙ ጊዜ እንዲህ ቀጭን ነው።

አሁን ነገሩ ዐዲስ መልክ ይዟል። በኖቬምበር 2022 ቻት ጂፒቲ የተባለው የሚነጋገር ፕሮግራም ወጣ፤ ከዚያ ወዲህ ብዙ ጠያቂ ፊቱን ወደ እርሱ አዞረ፤ በስታክ ኦቨርፍሎው ላይ የሚቀርበው ዐዲስ ጥያቄም እጅግ ቀነሰ። ፕሮግራሙ አይሥቅም፤ ጥያቄህ ተደግሟል አይልም፤ እመቤቲቱ በሌሊት መቶ ጊዜ ቢጠይቁት መቶ ጊዜ ይመልሳል። ለተናቁ ሰዎች ይህ ምን ያህል ዕረፍት እንደ ሆነ እንረዳለን። ነገር ግን ያላወቀውንም እንዳወቀው ሁሉ በትሕትና ይናገራል፤ ስታክ ኦቨርፍሎውም ገና በዲሴምበር 2022 በእርሱ የተጻፈ መልስ እንዳይቀርብ የከለከለው ስሕተቱ ስለ በዛ ነበር። ደግሞስ ከየት ተማረ? ሰዎች በነጻ ከጻፉት ጥያቄና መልስ ጭምር ነው፤ በ2024 ኩባንያዎቹ ይህንኑ መዝገብ ለመጠቀም በይፋ ተዋዋሉ። ጠያቂው ከሸሸ ዐዲስ መዝገብ ማን ይጽፋል? በአማርኛ ደግሞ መዝገቡ ከመጀመሪያውም አልተጻፈም። ስለ ቀድሞ ቃለ ጉባኤ ፊደል፥ ስለ መዝገብ ቤት ሥራ፥ ስለ ዘመን አቈጣጠራችን በሠንጠረዥ መሥራት፥ ጠይቆ የተመለሰለት ሰው በጥቂቱ ነው፤ የተጠየቀውም በሳቅ ተዘግቷል።

ስለዚህ በየመሥሪያ ቤቱ ያሉትን የኮምፒዩተር ክፍሎች የምንጠይቀው ትንሽ ነገር ነው። የሚቀርብላችሁን ጥያቄ ጠያቂው በተናገረበት ቃል፥ ያለ ስሙ፥ በመዝገብ ላይ ጻፉት፤ መልሱንም ከሥሩ በአማርኛ ጻፉ፤ መዝገቡ ማንም ሊያነበው በሚችልበት ጠረጴዛ ላይ ይቀመጥ። እኛ በክፍላችን ጀምረናል። በመጀመሪያው ገጽ ላይ፥ በእመቤቲቱ ፈቃድ፥ የሚከተለው ተጽፏል።

«ጥያቄ፦ ደብዳቤው ሲቀመጥ ወዴት ነው የሚሄደው?

መልስ፦ ሌላ ቦታ ካልነገሩት አብዛኛውን ጊዜ ዶክዩመንትስ በሚባለው ማኅደር ውስጥ ይገባል። ሲያስቀምጡ በሚከፈተው መስኮት ላይኛው መሥመር የማኅደሩ ስም ተጽፎ ይታያል፤ አስቀምጥ ከማለትዎ በፊት እርሱን ያንብቡ። ጠፍቶ ከሆነ፥ መጻፊያውን ከፍተው በቅርብ የተከፈቱትን ደብዳቤዎች ዝርዝር ይመልከቱ፤ ስሙን ካገኙት ይክፈቱት፥ ቀጥሎም እንደ ገና አስቀምጥ በሌላ ስም የሚለውን ቢጫኑ የነበረበትን ቦታ ያሳይዎታል። ካላገኙት ወደ 14 ቍጥር ክፍል ይምጡ፤ አብረን እንፈልገዋለን።»